ቁጥርህ ስንት ነው?

34 ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ሦስት ሲደመር አራት ሰባት እንደሆነ ለስንት ልጅ እንዳስረዳሁ እግዜር ይወቀው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ግን ያው 3+4=7 በእንግሊዝኛ ተጽፎ እጄ ሲገባ ምንም አልገባኝ አለ።

ወረቀቱ የፓቶሎጂ ውጤት ነው። ከፊኛ ሥር ካለው ከፕሮስቴት ዕጢዬ በመርፌ አሥራ ሁለት ቦታ ተወስዶ የተመረመረው ናሙና። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ ግን በሩ ላይ ሠላሳ ሰው ይጠብቀዋል። ወረቀቱን አየት አደረገና «አባቴ፣ ካንሰር ነው። ደግነቱ ከዕጢው የወጣ አይመስልም። ቀዶ ሕክምና አለ፣ ጨረር አለ፣ እየተከታተሉ መቆየትም አለ። ከቤተሰብ ጋር ያስቡበትና ይመለሱ» አለኝ።

ያስቡበት! ከካንሰሩ ይልቅ ይቺ ቃል ናት ያስጨነቀችኝ። እኛ ሐኪም ሲያዝዘን እንጂ ሲያማክረን አልለመድንም። «ነገ ትቆረጣለህ» ቢለኝ ሰተት ብዬ እተኛለት ነበር። ጎንደር ደግሞ የሐኪም ከተማ ናት። የጤና ኮሌጁ ከተከፈተ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው እያየን ነው ያደግነው። እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ተወልጄ ምርጫው ለእኔ ለሒሳብ አስተማሪው መተው ግራ ገባኝ። በእግሬ እስከ ፒያሳ ሄድሁ። ጃንተከል ዋርካ አጠገብ ቁጭ ብዬ ወረቀቱን ገለባብጬ አየሁት። ምኑን ነው የማስበው?

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የጀመረኝ በሌሊት ሽንት ነው። ሦስቴ አራቴ እነሳለሁ፤ ጠብ ጠብ ይላል፤ ተመልሼ እተኛለሁ። «ዕድሜ ነው» ብዬ ሁለት ዓመት ተውሁት። ያኔ 64 ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ ናት ጎትታ የወሰደችኝ። ፒኤስኤ የሚሉት፣ ከፕሮስቴት የሚወጣውን ፕሮቲን የሚለካ የደም ምርመራ ተሠራልኝና 14 ሆነ። የሽንት ኢንፌክሽንም ስለነበረብኝ ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘና «ኢንፌክሽን ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ሲድን ይድገሙት» አለኝ። ከስድስት ሳምንት በኋላ 11.2 ሆነ። ወርዷል፤ ግን አሁንም ከፍ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ኤምአርአይና ናሙና የመጣው። ከናሙናው በኋላ ለጥቂት ቀን ሽንቴም ሰገራዬም ደም ነበረው። ቀድመው ስለነገሩኝ አልደነገጥሁም።

እንግዲህ ኢንተርኔት የገባው እዚህ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ነው፤ ከኮምፒውተር ጋር ነው ሥራው። ስልክ ደውዬ ብነግረው ዝም አለ። ቀጥሎ «ጋሼ፣ ቴሌግራም ላይ የፕሮስቴት ታማሚዎች ግሩፕ አለ፤ አስገባዎታለሁ» አለኝ። ችግሩ ኔት የለም። በዚያን ጊዜ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ዳታ ከተዘጋ ወራት ሆኖታል። ስለዚህ ዋይፋይ ያለው ሆቴል ፈልጌ አንድ ማኪያቶ አዝዤ ሦስት ሰዓት እቀመጣለሁ። አስተናጋጇ በሁለተኛው ሳምንት ለመደችኝ። «አባባ ዛሬም ዜና ነው?» ትለኛለች። «አዎ ልጄ፣ ዜና ነው» እላታለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ስሕተት ሠራሁ። ወረቀቴን በስልክ አንስቼ እንዳለ ግሩፑ ላይ ለጠፍሁት። ስሜ፣ የካርድ ቁጥሬ፣ ዕድሜዬ፣ የሆስፒታሉ ማኅተም፣ ሁሉም አለበት። ከሦስት መቶ በላይ ሰው ያየዋል። የግሩፑ አድሚን ወዲያው በውስጥ መስመር ጻፈልኝ፤ «አባቴ፣ እባክዎ ያጥፉት። ስሙንና ካርዱን በወረቀት ሸፍነው እንደገና ያንሱት።» ሽፍን አድርጌ እንደገና ላክሁት። እናንተም ከመላካችሁ በፊት ሸፍኑት። የወንድ በሽታ በእኛ ከተማ ምን ያህል እንደሚወራ ታውቃላችሁ።

በማግሥቱ ስከፍተው አርባ ምናምን መልስ ተደርድሮ ጠበቀኝ። አንዱ «አሁኑኑ አስወጣው፣ ቀን አትቁጠር» ይላል። አንዱ «ቢላ ከነካው ይዛመታል፣ እንዳትሞክረው» ይላል። ሌላው በየሦስት ወሩ የሚወጋ መርፌ አለ፣ እሱን ያዝ ይላል። አንድ አዛውንት ደግሞ «እኔ ስድስት ዓመቴ፣ ምንም አልነካሁትም፣ ጤፌን እየዘራሁ ነው» ብለዋል። አንዷ ነጭ ሽንኩርት በማር አለች። ከመክፈቴ በፊት ሁለት ሐሳብ ነበረኝ፤ ስዘጋው አሥራ ሁለት ሆነ።

ያን ቀን ማታ አንድ ሰው ለብቻዬ ጻፈልኝ። ደብረ ታቦር አካባቢ የሚኖር፣ ሕመሙ ከታወቀ አራት ዓመት የሆነው። እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ፣ የሚመክርህን ሁሉ መጀመሪያ ቁጥርህ ስንት ነው በለው።»

ሒሳብ አስተማሪ ስለሆንሁ ነው መሰል ልቤ ላይ ተቀመጠች። በማግሥቱ አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመርሁ። ፒኤስኤህ ስንት ነበር? ግሊሰንህስ፣ ያቺ እንደ 3+4 ያለችው ድምር? ዕድሜህ? ከዕጢው ወጥቷል ወይስ አልወጣም? ጉዱ የወጣው ያኔ ነው። «አሁኑኑ አስወጣው» ያለው ሰው ግሊሰኑ 9 ነበር። ጤፋቸውን የሚዘሩት አዛውንት 78 ዓመታቸው ነው፤ ግሊሰናቸው 6። መርፌ ያለኝ ሰው በሽታው አጥንቱ ላይ ደርሷል። ማንም አልዋሸኝም። ሁሉም የራሱን እውነት ነው የነገረኝ፤ ግን የእኔን አይደለም።

አሁን ስለዚያች 3+4 ላስረዳ፤ እኔን ስላስቸገረችኝ ሌላውንም ታስቸግራለች። ግሊሰን የሚባለው የአሜሪካዊው ፓቶሎጂስት የዶናልድ ግሊሰን ስም ነው፤ ዘዴውን ያወጣው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ባለሙያው ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ያይና የካንሰር ሴሎቹ አደራደር ምን ያህል ከጤናማው እንደራቀ ቁጥር ይሰጠዋል። ብዙ ቦታ የያዘውን ቁጥር ይጽፋል፣ ቀጥሎ በብዛት የታየውን ይጨምርበታል። እኔ ዘንድ ብዙው 3 ነው፣ ጥቂቱ 4። ድምሩ 7።

ልጆችን «ብትገለብጡት ያው ነው» እያልሁ ነው ዕድሜዬን የጨረስሁት። እዚህ ግን ያው አይደለም። 4+3 የሆነ ሰውም ድምሩ 7 ነው፤ ግን ብዙው 4 ስለሆነ ከእኔ ይከፋል። ስለዚህ አሁን አሁን ሐኪሞቹ ከ1 እስከ 5 በሆነ ደረጃም ይጽፉታል፤ 3+4 ደረጃ 2 ነው፣ 4+3 ደረጃ 3። ሌላም አለ። 6 ስትሰሙ «ከአሥር ስድስት፣ ከግማሽ በላይ» ብላችሁ እንዳትደነግጡ። በናሙና ላይ ካንሰር ተብሎ የሚጻፈው ዝቅተኛው ቁጥር 6 ነው። አንድ ሰው ግሩፑ ላይ ግሊሰን 6 ተባልሁ ብሎ ኑዛዜ ጽፎ ነበር። እውነቴን ነው።

ፒኤስኤም እንዲሁ ብቻውን አይነበብም። አንዱ አባል «ካንሰሬ በግማሽ ቀነሰ፣ ተመስገን» ብሎ ጻፈና ሁላችንም እልል አልን። ውጭ አገር የምትሠራ አንዲት ነርስ አለች ግሩፑ ውስጥ፤ ቀስ ብላ «ምን ክኒን ነው የሚወስዱት?» አለችው። ለዕጢ ማበጥ የሚሰጠውን ፊናስተራይድ ነበር። እሱ ክኒን ወራት ከተወሰደ የፒኤስኤን ቁጥር በግማሽ ያህል ያወርደዋል፤ ካንሰሩ ግን እዚያው ነው። ሐኪሙ ቁጥሩን በእጥፍ አድርጎ ማንበብ አለበት። ሰውዬው ለሐኪሙ ክኒኑን አልነገረውም ነበር።

የማፍርበትንም ልናገር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሰው በውስጥ መስመር መጣ። ግሩፑ ውስጥ ስሜን አይቶ ነው። የዳኑ ሰዎች ቪዲዮ ላከ፣ የሚያለቅሱ አሉ፣ እግዚአብሔርን የሚያመሰግኑ አሉ። ዱቄት ነው፤ በወተት ይጠጣል፤ በ40 ቀን ዕጢውን «ያሟሟዋል»። 6,000 ብር በቴሌብር ላክሁ። ዱቄቱ በአውቶቡስ መጣ፤ ባለቤቴ ከፍታ አሸተተችና «ይሄ አብሽ ነው» አለች። አብሽ ነው! ቤታችን ኪሎ ሙሉ አለ። ብደውል ስልኩ ተዘግቷል። ለአድሚኑ ብነግረው ከእኔ በፊት አራት ሰው ተመሳሳይ ነገር ነግሮታል፤ ሁላችንም አፍረን ዝም ብለን ነበር። ጠበል እጠመቃለሁ፤ እሱ የሃይማኖቴ ነው፣ ማንም አይከፍልበትም፣ ማንም መድኃኒትህን ተው አላለኝም። «የሐኪሙን ተወው፣ የእኔን ግዛ» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ ግን አብሹን አስታውሱ።

አሁን ወደ ምርጫው። የእህቴ ልጅ በጥምቀት መጣ። መንገዱ ስለማያስተማምን በአውሮፕላን አዘዞ ወረደ። ላፕቶፑን ይዞ ያን የእኔን ሆቴል ገባን። አስተናጋጇ «ዛሬስ ዜናው ትልቅ ነው» አለች። ሁለት ነገር አሳየኝ።

አንደኛው በእንግሊዝ አገር የተሠራ ፕሮቴክት የሚባል ጥናት ነው። 1,643 ወንዶች በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ፤ ለአንዱ ክትትል፣ ለአንዱ ቀዶ ሕክምና፣ ለአንዱ ጨረር። የ15 ዓመቱ ውጤት በ2023 እ.ኤ.አ. ወጣ። በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት በሦስቱም ወገን ከመቶ ሦስት ገደማ ናቸው። ደግሜ አነበብሁት። ሦስቱም! ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በክትትል ከነበሩት ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሠራጨባቸው ከመቶ ዘጠኝ ገደማ ናቸው፤ በሌሎቹ አምስት ገደማ። ክትትል ከደረሳቸው ውስጥም ከግማሽ የሚበልጡት በ15 ዓመቱ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ወስደዋል። የሽንት ማምለጥና የአልጋ ነገር በቀዶ ሕክምና ብሷል፤ የአንጀት ጣጣ በጨረር።

ልጁን «ታዲያ ለምን እጨነቃለሁ?» አልሁት። እሱ ግን ጠንቃቃ ነው። «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ሳያማቸው በደም ምርመራ በጊዜ የተገኙ ናቸው» አለኝ። ልክ ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚመጣው ሽንቱ ሲዘጋ ወይም ወገቡን ሲቆርጠው ነው። የዘገየ ሰው ይህን ጥናት አንብቦ ቤቱ ቢቀመጥ ይሞታል።

ሁለተኛው ፕሬዲክት ፕሮስቴት ይባላል፤ የካምብሪጅ ሰዎች የሠሩት፣ በነጻ የሚከፈት መሣሪያ ነው። ላልተሠራጨ ካንሰር ብቻ ነው የሚያገለግለው። ዕድሜ፣ ፒኤስኤ፣ የግሊሰኑን ደረጃ፣ ካንሰሩ በዕጢው ላይ ምን ያህል እንደገፋ የሚናገረውን ደረጃ ታስገባለህ። እንዳንተ ካሉ መቶ ወንዶች ውስጥ በ10 እና በ15 ዓመት ስንቱ በሕይወት እንደሚኖር ያሳይሃል፤ ወዲያው ሕክምና ቢወስዱም፣ በክትትል ቢቆዩም። የሁለቱ ልዩነት ካሰብሁት በጣም ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። የገረመኝ ደግሞ በሌላ በሽታ የሚሞቱት ብዛት ነው። የደም ግፊት ክኒኔን ስንት ቀን እንደዘለልሁ ትዝ አለኝ። ከፕሮስቴቱ ጋር ስታገል ግፊቱ ሊቀድመኝ ነው! ቁጥሮቹ የእንግሊዝ አገር ወንዶች ናቸው፤ ስለዚህ እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ መነጋገሪያ ነው የያዝሁት። አትሞን ለሐኪሙ ይዘነው ሄድን።

ግን የረዳችኝን ሌላ ሰው ሳልጠቅስ አላልፍም። ግሩፑ የወንዶች ነው ይባላል። ውሎ አድሮ ሲገባኝ ግማሹ የወንድ ስም የያዙ ሚስቶችና ሴት ልጆች ናቸው። ወንዱ ስልኩን ወርውሮ ተኝቷል፤ እሷ በእሱ ስም ትጠይቃለች። አንድ ሌሊት «ጌታው» በሚል ስም ቮይስ መጣ፤ የሴት ድምፅ ነው። «ባሌ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ለአልጋው ነገር የሚያገለግለው ነርቭ ይተርፋል ወይ ብሎ አልጠየቀም። አፈረ። እኔም አፈርሁ። አሁን ሁለታችንም ጀርባችንን ሰጥተን ነው የምንተኛው። እናንተ ጠይቁ» ትላለች። ያን ጊዜ ዳታ ስለሌለ ቮይሱን ሆቴል አውርጄ ማታ ቤት ነበር የምሰማው። ባለቤቴ ተኝታለች ብዬ ነበር። በጨለማው «ድገመው» አለችኝ። ደገምሁት። ከዚያ በፊት በዚህ ነገር ላይ በ36 ዓመት ትዳር አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

የካቲት መግቢያ ላይ ወደ ሐኪሙ ስመለስ ባለቤቴም አብራኝ ገባች። በደብተር ቅጠል የጻፍሁት ጥያቄ ነበረኝ። እንደ ፈተና ወረቀት ተራ ቁጥር አድርጌለት ነበር። የእኔ ቁጥር ከየትኛው ስጋት ክፍል ይገባል? ክትትል ብመርጥ ፒኤስኤውና ድጋሚ ናሙናው በየስንት ጊዜ ነው፣ ምን ከታየ ነው የምንተወው? ጨረር ብመርጥ ስንት ቀን ነው፣ የሆርሞን መርፌስ አብሮ አለ? እርስዎ ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ? ይህችን ስጠይቅ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ስድብ መስሎኝ። ሐኪሙ ግን ሳቀና በዝርዝር ነገረኝ። የመጨረሻዋን ባለቤቴ ናት የጠየቀችው። «ዶክተር፣ ነርቩን ማትረፍ ይቻላል?» አለችው። ቀና ብላ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ።

ሐኪሙ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቶ ሣለልን። ፊኛው እዚህ፣ ዕጢው ከሥሩ፣ የሽንት ቱቦው በመሐሉ ያልፋል፣ ነርቮቹ በግራና በቀኝ ተጣብቀው ይወርዳሉ። ካንሰሩ በቀኝ በኩል ስለሆነ የግራውን ለማትረፍ እንደሚሞክር ነገረን፤ ቃል አልገባም። ሃያ አምስት ደቂቃ ተቀመጥን። ያ ሁሉ ሰው እየጠበቀ። በመጀመሪያው ቀን ምን ብዬ እንደምጠይቅ ስላላወቅሁ ነው አምስት ደቂቃ የበቃኝ።

ቀዶ ሕክምና መረጥሁ። ለምን እንደሆነ በግልጽ ልንገራችሁ፤ ከፊሉ ሕክምና ነው፣ ከፊሉ ኑሮ። ክትትሉን ሐኪሙ አልዘጋብኝም፤ ግን 4 ያለበት ናሙናና ከ10 በላይ የሆነ ፒኤስኤ ይዤ ልቤ አይተኛም። ጨረሩ ጥሩ ሕክምና ነው። ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ለሳምንታት ነው፤ ለብዙ ዓመት ደግሞ በአገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን በሌሎች ከተሞችም እየተከፈተ ነውና እናንተ የቅርቡን ጠይቁ። ለእኔ ግን 730 ኪሎ ሜትር ርቄ፣ ቤት ተከራይቼ፣ ወረፋ ጠብቄ የሚሆን አልመሰለኝም። ግሩፑ ውስጥ የእኔው ቁጥር ያለው ሰው ጨረር መርጦ ደህና ነው። አልተሳሳተም። ልጁ አዲስ አበባ፣ ሳሪስ ቤት አለው።

ቁጥራቸው ከፍ ያለ፣ በሽታው የተሠራጨባቸው ሰዎች ምርጫ ሌላ ነው፤ የእነሱን እኔ አልኖርሁትም። አንድ ነገር ግን ከእነሱ ሰምቻለሁ። የወንድ ሆርሞን ካንሰሩን ይመግበዋል፤ ስለዚህ ወይ በመርፌ ይዘጋል፣ ወይ የዘር ፍሬው በቀላል ቀዶ ሕክምና ይወጣል። ሆርሞኑን በማውረድ ሁለቱ እኩል ናቸው። መርፌው ዕድሜ ልክ ይገዛል፤ ሌላው አንድ ቀን ነው። የደብረ ታቦሩ ወዳጄ መርፌው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ሁለተኛውን መረጠ። «ወንድነቴ ልጆቼን ማሳደጌ ነው» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። አልመለስሁለትም። ምን ብዬ?

ቀዶ ሕክምናው የተሠራው በዚያው በየካቲት መጨረሻ ነው። ሕመሙ ካሰብሁት ያነሰ ነው። ካቴተሩ፣ ሽንት የሚያስወጣው ቱቦ፣ ሁለት ሳምንት ቆየ። ወደ ቤት ስመለስ ጎረቤቴ ወይዘሮ «ምነው ገረጣችሁ፣ አንቱ?» አሉኝ። ሐሞት ነው አልኋቸው። ለአንድ ዓመት ያህል ሐሞት ነው ስል ኖሬያለሁ።

ከባዱ ካቴተሩ ሲወጣ የመጣው ነው። ሳል ሲመጣ፣ ሳቅ ሲመጣ፣ ከወንበር ስነሳ ያመልጠኛል። ይህን ጥናቱ «የሽንት ማምለጥ» ብሎ በአንድ መስመር አልፎታል። ኑሮው ግን እንዲህ ነው፦ ለወንድ የሚሆን ፓድ ፈልጌ አጣሁ። አንድ ሱቅ ገብቼ ሞዴስ ስጠኝ አልሁት። ልጁ «ባለ ክንፉን ነው?» አለኝ። ክንፍ ምን እንደሆነ አላውቅም። «አዎ፣ የሚበረውን» አልሁት። ከኋላዬ የቆሙ ሁለት የኮሌጅ ልጆች ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ አመለጠኝ። ግሩፑ ላይ ብጽፈው የዚያን ያህል መልስ አግኝቼ አላውቅም። ሁሉም የየራሱን ሱቅ ታሪክ አወጣ።

የረዳኝ ስፖርቱ ነው። ሽንት እንደምታቋርጡ አድርጋችሁ ከሥር ያለውን ጡንቻ ማጥበቅ፣ እስከ አምስት ቆጥሮ መልቀቅ፣ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ነርሷ ነች ያስተማረችኝ፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጀምሩ ትላለች፣ እኔ ሰንፌ በኋላ ነው የጀመርሁት። ባለቤቴ ቡና ስትወቅጥ በሙቀጫው ምት አደርገው ነበር። በአራተኛው ወር በቀን አንድ ሞዴስ ሆነ። በዘጠነኛው ወር ተውሁት፤ ለመንገድ ካልሆነ። የአልጋውን ነገር ጠይቃችሁኝ ከሆነ፣ እንደ ድሮው አይደለም። ክኒን አለ፤ አንዳንዴ ይሠራል። ጀርባችንን ሰጥተን ግን አንተኛም።

ፒኤስኤዬ አሁን ከ0.1 በታች ነው። ዕጢው ከወጣ በኋላ ቁጥሩ ከዜሮ ብዙ መራቅ የለበትም። በየስድስት ወሩ አሠራዋለሁ፤ ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ባለው ሌሊት ግን እንቅልፍ የለኝም። ይሄ ይለመዳል የሚል ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ባለፈው ክረምት አንድ ቮይስ ሰማሁ። «የቀሃው» በሚል ስም ለአንድ ዓመት የተጻጻፍነው ሰው ነው። ግሊሰን 6፣ ፒኤስኤ 5.8፣ ዕድሜ 70፤ ክትትል ላይ ነው። ከንግግሩ ጀርባ ቅዳሴ ይሰማል። የደብራችን መሪጌታ ድምፅ ነው፤ ያን ጎርናና ድምፅ ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ አይሳሳተኝም። «ጌታዬ፣ የት ሰፈር ነዎት?» ብዬ ጻፍሁ። ለካስ በሁለት አጥር ርቀት ላይ ነን! በየእሑዱ እጅ ነስተን እንተላለፋለን። እሳቸውም ሐሞት ነው ሲሉ ነው የኖሩት።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ቡና አብረን እንጠጣለን። ባለፈው ሳምንት ቀደም ብለው መጡ። ድጋሚ ናሙና ተወስዶላቸው ነበር። ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። «አንቱ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?» አሉኝ።

«መጀመሪያ ቁጥሩ ስንት ሆነ?» አልኋቸው።

ከደረት ኪሳቸው አራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ። እኔም መነጽሬን ፍለጋ ተነሣሁ።